ያልደረሰው የጋሽ ተፈራ መርዶ

መምህራችን ጋሽ ተፈራ ማረፋቸውን ብዙዎቻችሁ የሰማችሁት አፈር ከለበሱ በኋላ ነው። የገላን ኮንዶሚኒየም ጎረቤቶቻቸውም ሆናችሁ በየፋብሪካውና በየቢሮው ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው፣ አንዳንዶቻችሁ «እንዴት ሳይነገረን?» ብላችሁ ባለቤታቸውን እትዬ አስቴርን ትወቅሳላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ራሳችሁን። ወቀሳው ለእኔ ነው የሚገባው። ስለዚህ ስለ እሳቸው ስጽፍ ስለ ራሴም መጻፌን ታገሡኝ።

ጋሽ ተፈራ በሙያ ማሠልጠኛ ኮምፒውተር ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። እኔ ከብሎካችን ሥር ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ኮድ መጻፍ የለመድሁት ደንበኛ በሌለ ሰዓት ከስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ነው። አንድ ቀን ወረቀት ሊያባዙ ገብተው ስክሪኔ በቀይ ተሞልቶ አዩ።

«ምነው፣ የትራፊክ መብራት ነው እንዴ ያቆመሽ?» አሉኝ።

ሳቅሁ፤ ግን እውነትም ቆሜ ነበር። ወንበር ስበው ተቀመጡ። የምንጽፈውን ወደ ስልኩ ቋንቋ የሚለውጠው ኮምፓይለር፣ ያልገባውን ሁሉ በቀይ ይደረድራል። እኔ ደግሞ ከታች ጀምሬ ነበር የምታገለው።

«ከላይ ጀምሪ» አሉ። «የመጀመሪያዋ ስህተት እናት ናት፤ የቀሩት ልጆቿ ናቸው። እናትየዋን ሳታናግሪ ከልጆቹ ጋር ምን ያጨቃጭቅሻል?»

የእድራችንን መተግበሪያ የሠራነው እንዲህ እየተባባልን ነው። ጡሩምባ ነፊያችን አርጅተው ወደ ልጃቸው ቤት ሲሄዱ፣ «ከእንግዲህ መርዶውን ስልክ ይንገረን» ተባለ። አባሉም፣ መርዶ ለመስማት የተመዘገቡት የጋሼ የቀድሞ ተማሪዎችም ስልክ ቁጥራቸውንና የይለፍ ቃላቸውን አስገብተው ይገባሉ፤ ሰው ሲሞት ስልኩ ይጮኻል። እማማ ዘነቡ ግን ሊገቡ አልቻሉም፤ እድሩ የተመዘገበው በሟች ባላቸው ቁጥር ነበርና።

«ይሄ ስልክ የሞትሁት እኔ መስዬዋለሁ እንዴ?» አሉ እማማ።

«የለም እማማ፣ ጥፋቱ የኛ ነው። ባልዎን ጻፍን እንጂ እርስዎን አልጻፍንም» አሏቸው ጋሼ።

ከዚያ ሌሎች ባሎቻቸው የሞቱባቸውን እናቶች ፍለጋ የየብሎኩን ደረጃ ይወጡ ጀመር። «ጋሼ፣ እኔ ልውጣልዎ» ብላቸው፣ «አንቺ ኮዱን አስተካክዪ፤ ደረጃው ለኔ ስፖርት ነው» አሉኝ፣ ትንፋሽ እያጠራቸው።

ታመው ሆስፒታል ሲገቡ መተግበሪያውን አድሼ ልጠብቃቸው አሰብሁ። ሳድሰው የመግቢያው ኮድ በቀይ ተሞላ። ልደውልላቸው ስልኬን አነሣሁና አፈርሁ፤ «ይህን ሁሉ ጊዜ ተምረሽ አሁንም?» የሚሉኝ መሰለኝ። ብለውኝ አያውቁም እኮ! ያስቸገረኝን መስመር ሁሉ ኮምፓይለሩ እንዳያነበው እየሸፈንሁ ሄድሁ። ቀዩ ጠፋ። በራሴ ስልክ ሞከርሁት፤ ተከፈተ። የእኔን ስልክ ግን ለሙከራ ብዬ ያለ ይለፍ ቃል እንዲገባ አድርጌው እንደነበር ረሳሁ። የሸፈንሁት የእናንተን ይለፍ ቃል የሚያረጋግጠውን መስመር ነበር። መተግበሪያው ያልተረጋገጠ ሰው ስለማያስገባ፣ ሁላችሁንም አስወጥቶ በሩን ዘጋባችሁ። «እንደገና ይሞክሩ» ሲላችሁም፣ ያው እንደ ልማዳችን፣ ኔትወርኩን ረግማችሁ ተዋችሁት።

ጋሼ በማለዳ ዐረፉ። መርዶውን ጽፌ ላክሁ፤ ስልኬ ጮኸ፤ ሁሉም ሰማ ብዬ ወደ ልቅሶው ሮጥሁ። ቀብሩ ላይ ዘመዶቻቸውና በአንድ ደረጃ የምንወጣ ጎረቤቶች ብቻ ነበርን። ተመልሰን ድንኳኑ ውስጥ ስንቀመጥ ከሰው ባዶው ወንበር በዛ። እትዬ አስቴር በሩን በሩን እያዩ፣ «ተፈራ ያስቀየመው ሰው አለ እንዴ?» አሉ።

ከሳሪስ ከሥራው የሚመለስ የፊት ለፊት ብሎክ ጎረቤታችን ድንኳኑን አይቶ ቆመ።

«ማን ሞቶ ነው?»

«ስልክህ አልነገረህም?» አልሁት።

«እሱማ ካስገባኝ ከረመ! ኔትወርክ የለም።»

ስልኩን ተቀብዬ አየሁ፤ ኔትወርኩ ሞልቶ «እንደገና ይሞክሩ» ይላል። «ጋሽ ተፈራ ናቸው» አልሁት። ሰውዬው ከብሎኮቹ መሐል ቆሞ፣ እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ «ጋሽ ተፈራ ዐረፉ!» እያለ ጮኸ። መስኮቱ ሁሉ ተከፈተ። ሴቶቹ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ደረጃውን ወረዱ። እማማ ዘነቡ እትዬ አስቴር እግር ላይ ወድቀው፣ «ሳልቀብረው ቀረሁ፤ አፈርሁ፣ ልጄ» ሲሉ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ማፈር የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ይቅርታ የሚለምኑት ግን እሳቸው ነበሩ።

ኮዱን በማግሥቱ ከላይ ጀምሬ አነበብሁት። የመጀመሪያዋ ስህተት ስሙ የተለወጠ አንድ ትእዛዝ ብቻ ነበረች። እሷን ሳርማት ሌላው ቀይ ሁሉ ተከትሏት ጠፋ። ይህችን ነው ያልጠየቅሁት።

ለእትዬ አስቴር ሁሉንም ነገርኋቸው። «ለእኔ ነገርሽኝ። ሳይቀብሩት የቀሩት ግን ራሳቸውን እየከሰሱ ነው፤ ለነሱም ንገሪ» አሉኝ።

ጋሼ፣ ይኸው ነገርኋቸው። ቀባሪዎ ያነሰው ወዳጅ አጥተው አይደለም። «አልገባኝም» ማለት አፍሬ ወዳጆችዎን ከመሸኛዎ አስቀረኋቸው፤ አሁን ደግሞ ዓይናቸውን ማየት ያሳፍረኛል። ቢሆንም በአርባዎ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሜ፣ ከእያንዳንዳቸው እግር ሥር ዝቅ እያልሁ አስገባቸዋለሁ። ያን ቀን ማንም አይጎድልብዎትም። በሰላም ይረፉ፣ መምህሬ።