ያለ «ወላሂ»

በአሶሳ ዙሪያ ሰው ሲሸጥም ሲገዛም፣ ሲስቅም ሲጣላም «ወላሂ» ሳይል ውሎ አያድርም። ወርቅ አጣቢዋ ብኸይታ ግን ቃሉ ካፏ ወጥቶ አያውቅም። «ስምል ብቻ እውነተኛ ከሆንኩ፣ ሳልምል ውሸታም ነኝ ማለት ነው?» ትላለች። አዎ ካለች አዎ ነው፤ የለም ካለች የለም።

ግብር በወርቅ ወደ አዲስ አበባ መጓዝ በጀመረባቸው ዓመታት፣ የአገሩ ሹም ወርቅ ሰብሳቢ ዓብዱልባሲጥ ሕግ አወጣ። ከወንዝ የምትወጣ ሴት ሁሉ ወርቅ አለመደበቋን በቁርኣን ትማል፤ ያልማለች ቃሏ አይሰማም።

ብኸይታ እምቢ አለች። «ወርቁ የሹም ነው፣ ውሰዱት። በእኔና በፈጣሪዬ መካከል ግን ሹም አይገባም።»

«እንግዲያው ሌባ ነሽ» አለና እግሯን ግንድ ውስጥ አስጠረቀመው። ክረምቱን እንደታሰረች እናቷ ጣሂራ ሞቱ። ልቅበራቸው ብላ ለመነች።

«ማዪና ሂጂ» አላት።

አልማለችም። ቀብሩንም አላየች። ክረምቱ ሲያልፍ ተፈታች፤ ከዚያ ወዲያ ግን ቂሟን እንደ ልጅ አቅፋ አሳደገችው። ወንዝ ወርዳ አሸዋውን በገበታዋ ስታንገዋልል፣ በየዙሩ የሚታያት የሰውዬው አንገት ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ለግብር የሚላክ የወርቅ ብናኝ የተሞላበት የአሞራ ላባ አገዳ ጠፋ። ዓብዱልባሲጥ ተከሰሰ፤ በሰንሰለት ታስሮ ወደ አዲስ አበባ ሊላክ ነው ተባለ። አገዳውን ግብሩን ለሚወስደው መልእክተኛ አስረክቦ ነበር፤ መልእክተኛው ይዞት ጠፍቷል። ሲያስረክበው ያየችው ደግሞ ብኸይታ ብቻ ናት።

ዝም ብትል በቀሏ በወጣ! ነገር ግን ዝምታውም ውሸት ሆኖ ታያት። ጥርሷን ነክሳ ገበያው ዛፍ ሥር፣ ቃዲ ባቢከር ከሚፈርዱበት ደረሰች።

«ለመልእክተኛው ሲሰጠው በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ማዪ» አሉ ቃዲው።

«አልምልም።»

ዓብዱልባሲጥ ተንበረከከ። «ያ ኡሚ! እናቴ! አንዲት ቃል ብቻ!»

«እኩያህ አይደለሁም እንዴ? መቼ ወለድኩህ?»

ፍርዱን ሊሰሙ የተሰበሰቡት አጣቢ ሴቶች በሳቅ ፈረሱ። ቃዲው ወደ እሱ ዞሩ። «ያልማለች ቃሏ አይሰማም ያልክ አንተ ነህ። ታዲያ ምን ይሁን?»

ዓብዱልባሲጥ አጉረመረመ። «ቃሏ… ይበቃል።»

«አልሰማንም!» አሉ ሴቶቹ ከኋላ።

«ወላሂ፣ ቃሏ ይበቃል!»

«ያለ ወላሂ በለው!» አለች ብኸይታ። «እንደኔ፣ ባዶውን።»

«ብኸይታ ዛሬም ያን ጊዜም አልዋሸችም። የሴቶቹ ቃል ሳይምሉ ይበቃል» አለ።

ሦስቴ አስባለችው። በሦስተኛው ድምፁ ተሰነጠቀ። ቃዲው ለቀቁት፤ ሕጉም በገዛ አፉ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ወዲያ ከወንዝ የወጣችን ሴት ማዪ ያላት የለም።

በሳምንቱ ፍየል እየጎተተ ደጇ መጣ። «ይቅር በይኝ።»

«አልልህም።»

ፍየሉን ግን ተቀበለችው። ያኔውኑ አሳርዳ ለአጣቢዎቹ አበላች፤ እሱ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ፣ ግባ የሚለው ቢያጣ፣ የጥብሱን ሽታ ብቻ ይዞ ሄደ።