ለአባባ ቶሎሳ የሰጠሁት ይቅርታ

ለንስሐ አባቴ ስናዘዝ ሁልጊዜ አንዷን ኃጢአት እዘላለሁ። ሚስቴም አታውቃት፣ ልጆቼም አያውቋት። ዛሬ ለእናንተ ልንገራችሁ፤ ፊታችሁን ስለማላየው ይቀለኛል።

በደርግ ጊዜ ለአንድ መሥሪያ ቤት የምወዳደር ፈረሰኛ ነበርኩ፤ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ፣ ጉራዬ ከራሴ የሚበልጥ። ፈረሶቹን የሚጠብቁት አባባ ቶሎሳ ነበሩ። የምጋልባት ፈረስ፣ ቦራ፣ የፊት እግሯ ጅማት አብጦ ስታነክስ፣ ሁለት ወር ሙሉ በቀዝቃዛ ውሃ እየነከሩ፣ በፋሻ እየጠቀለሉ፣ ጠዋት ጠዋት እየሳቡ ያንሸራሽሯት የነበሩት እሳቸው ናቸው። «ፋሲካ ሳይደርስ ኮርቻ እንዳይነካት!» ይሉኝ ነበር።

ሆለታ ደርሶ መልስ የሚጋለብበት ውድድር ግን ፋሲካን አልጠበቀም። ስሜ በሬድዮ ሲጠራ ጌጃ ሰፈር ያሉ ጎረቤቶቼ እንዲሰሙልኝ ፈለግሁ፤ በቃ፣ ምክንያቱ ይኸው ነው። አባባ ቶሎሳ እህታቸው ሞተው ሱሉልታ ለቅሶ ሲሄዱ ጠብቄ ፋሻውን ፈታሁ። እኔ ነኝ የፈታሁት። ስንመለስ መናገሻ ላይ እርምጃዋ ሲያጥር ታወቀኝ። ታወቀኝና ምን አደረግሁ? በተረከዜ ኮለኮልኳት። አብረን ወደቅን። የእኔም እግር ተሰበረ፣ የሷም ተሰበረ፤ የሷ የሚጠገን ስላልነበር እዚያው በጥይት ገደሏት።

ጀሶዬን እንዳሰርኩ ለሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራሁ። ሰው ራሱን የሚከስበት ስብሰባ! ከዚያ የተሻለ ቦታ ከየት ይመጣል? ሰብሳቢው «ፈረሲቱ እንድትወጣ ማን ፈቀደ?» ሲለኝ፣ «አባባ ቶሎሳ ድናለች ብለውኛል» አልኩ። አሻጥር ነው ተባለና ሽማግሌው ሁለት ወር ታሰሩ፤ ሥራቸውንም ተነጠቁ።

ሲፈቱ ወዴት መጡ? እኔ ቤት። ቂም የለ፣ ወቀሳ የለ። ጀሶው ቢወልቅም እግሬ አልታጠፍ ብሎ ነበርና በየጠዋቱ በለጋ ቅቤ ያሹኛል፤ ከዚያ ክንዴን ይዘው እስከ ልደታ ማርያም ያራምዱኛል። «ቀስ፣ ልጄ፣ ማን አባረረህ?» ይሉኛል። እወዳቸው ነበር። እግዜር ያውቃል፣ እንደ አባቴ እወዳቸው ነበር።

አንድ ጠዋት የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር አረፍ እንዳልን፣ «ልጄ፣ ድናለች ያልኩህ መቼ ነበር? ባስብ ባስብ ጠፋብኝ። አንተ እንደሆንክ አትዋሽም» አሉኝ።

አጠገባችን ሰብሳቢ አልነበረም፣ ካድሬ አልነበረም። እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን።

«ለቅሶ ሊሄዱ ሲሉ ነዋ፣ አባባ። በሩ ላይ ቆመው» አልኳቸው።

«አዬ እርጅና! እንግዲህ እሷንም ያስገደልኳት፣ ያንተንም እግር ያስሰበርኩት እኔ ነኛ። ይቅር በለኝ፣ ልጄ» አሉና ጎንበስ ብለው ጉልበቴን ሳሙ።

«እግዜር ይቅር ይበልዎ» አልኩ።

የስብሰባውን ውሸት ፈርቼ ነው ልል እችላለሁ። የዚያን ጠዋቱንስ ምን ልበለው? ፍቅራቸውን እንዳላጣ ብዬ ነው ብል፣ እሱም ሰበብ ነው። እሳቸው «ጥፋቱ የእኔ ነው» እንዳሉ ሞቱ። ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉትን ሰው፣ እኔው ይቅርታ አስለምኜ ቀብሬያቸዋለሁ።