ያገኘውን የማይበላው እንግዳ

የአጎቴ ልጅ ከሐዋሳ ለስብሰባ ሲመጣ ሆቴል እንድመርጥለት ደወለልኝ። "ደህና ሬስቶራንት አጠገቡ ይኑር እንጂ አልጋው ግድ የለኝም። እኔ ያገኘሁትን የምበላ ሰው አይደለሁም" አለኝ።

ፒያሳ ተወልጄ ባድግም ሁለት ቀን ዞሬ ጊዮርጊስ አካባቢ አንድ አገኘሁለት። ከጎኑ ጠረጴዛው ሁሉ ነጭ ጨርቅ የለበሰ የጣሊያን ምግብ ቤት አለ።

የመጣ ዕለት አብረን ገባን። ዓሣ አዘዘ፤ ሳህኑን እያዞረ ፎቶ አነሳና ሁለቴ ጎርሶ ገፋው። አስተናጋጇን "አቀራረብ አታውቁም" ብሎ ገሠጻት። እኔ አፈርኩ።

በማግስቱ ክፍሉ ስሄድ አልጋው ላይ ተቀምጦ ከቤቱ የተቋጠረለትን ድርቆሽ በእጁ እየዛቀ ይበላል። አፉን ጠርጎ "የከተማችሁ ምግብ እኮ አይረባም" አለኝ።

"በል ድርቆሽህን ጨርስ" ብዬው ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ሲደውል አላነሳለትም።