ትከሻ ለዘመድ ነው

ግዙፍ ሰው ነኝ፤ በምኖርበት የባሕር ማዶ ሰፈር፣ ዋይንድሃም ቬል፣ የሚያውቀኝ ሁሉ መኪናው ውስጥ ከፊት ካልሆነ አያስቀምጠኝም። የሥራ ባልደረባዬ የአሜሪካ ፉትቦል ወደሚጫወትበት ቡድን ሲወስደኝ አሰልጣኙ ገና ሲያየኝ ፈገግ አለ። ሥራዬ ኳስ መያዝ አልነበረም። ኳስ ወርዋሪያችን ፊት ሆኜ፣ ሊጥለው የሚመጣውን ሰው መግታት ነበር።

ከዳሌ ተፈናጥሮ መነሳቱን ቶሎ ለመድኩት። ጉልበቴን አጥፌ፣ አንድ እጄን ሣሩ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ፤ ኳሷ ስትንቀሳቀስ ወደ ፊት እወረወራለሁ። ያስቸገረኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አሰልጣኙ ሁለቱም መዳፎቼ ሰውየው ደረት ላይ እንዲያርፉ ይፈልጋል። እኔ ግን ሰው ወደ እኔ ሲመጣ ቀኝ ትከሻዬ ይቀድማል። ዕድሜ ልኬን ወንድ ሰላም ያልኩት በትከሻ ነው፣ ምን ላድርግ! በትከሻ የገጨሁት ሰው ደግሞ ዞሮ ያልፈኝና ወርዋሪያችንን ያጋድመዋል።

ከውድድሩ የፍጻሜ ጨዋታ በፊት በነበረው ግጥሚያም ይኸው ሆነ። ወርዋሪያችን ጎኑን ይዞ እያነከሰ ተነሳ። አሰልጣኙ «በፍጻሜው አንዴ በትከሻ ከሄድክ ትወጣለህ» አለኝ። በራሴ ተናደድኩ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት ሳቀችብኝ። ከዚያ የሶፋውን ትራስ ደረቷ ላይ አቅፋ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። «በል ና!» ትከሻዬ ሲቀድም በትራሱ አናቴን ትለኛለች። «ትከሻህን ለዘመድ አስቀምጠው! አሁን ዘመድህ አይደለሁም!» ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ሆነ። ልጃችን ከክፍሏ ብቅ ትልና «ስቶፕ ኢት፣ ጋይስ!» ብላ በሯን ትዘጋለች።

በፍጻሜው ፊቴ የቆመው ሰው በር ያህላል። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል እየተመራን ነበር፤ የቀረን አንድ ውርወራ ብቻ ነው። ጎንበስ አልኩ። ትከሻዬ ሲቁነጠነጥ ይሰማኛል። «ለዘመድ!» አልኩት በልቤ። ኳሷ ስትነሳ ተፈናጥሬ ሁለቱንም መዳፎቼን ደረቱ ላይ አሳረፍኩ፤ እግሬን ሳላቆም ገፋሁት፤ ወደ ኋላ ሄደ፣ ሄደና በቂጡ ተቀመጠ። ወርዋሪያችን እንደ ልቡ ቆሞ ወረወረ። ኳሷ የት እንዳረፈች አላየሁም፤ ጩኸቱ ነገረኝ። አሸነፍን! ያን ትልቅ ገላዬን ይዤ እንደ ሕፃን ዘለልኩ።

ሰውየው መሬት ላይ እንደተቀመጠ እጁን ዘረጋልኝ። ጎትቼ አስነሳሁትና እጁን ሳልለቅ ትከሻዬን ከትከሻው አጋጨሁት። ግራ ገባው።

ባለቤቴ ከዳር ሆና «አሁን ይቻላል!» ብላ ጮኸች።