ስለ አማቼ ሆድ እኔ ስመልስ

ዶሮ ሲታረድ ፊቴን የማዞር ሴት ነኝ። እንዲህ ሆኜ ነው እንግዲህ ሆዱን የተቀደደ ሰው ላስታምም ብዬ፣ በአንድ እጄ ቴርሞስ በአንድ እጄ ጋቢ ይዤ ሆስፒታል የገባሁት። ማን ላከኝ? ማንም። ራሴው ዘልዬ ነው። ፊደል አልቆጠርኩ፣ አንዱን መድኃኒት ከሌላው አልለይ፣ ደም ሳይ ጉልበቴ ይከዳኛል። ሰው ታመመ ሲባል ግን ቀድሜ የምደርሰው እኔ ነኝ። በር ላይ ያሉት ጥበቃዎች እንደኔ ያለችውን መመለስ ነበረባቸው። እነሱ ቴርሞሱን ከፍተው አሽትተው አሳለፉኝ። አፌን ነበር መፈተሽ።

የታመመው አማቼ፣ የልጄ ባል ነው። ጫሞ ሐይቅ ላይ መረብ የሚጥል፣ ክንዱ እንደ መቅዘፊያ የጠነከረ ሰው ነው። አንድ ቀን ከሐይቁ ሲመለስ ሆዴን ብሎ ደጃፍ ላይ ተጣጠፈ። እኛ ዓሣ አልተስማማውም ብለን ዝንጅብል አፈላንለት። ዝንጅብሉን መለሰው። ሆዱ እየተነፋ እየተነፋ ሲሄድ በባጃጅ ጭነን ከሲቀላ ሆስፒታል ወሰድነው። ሐኪሞቹ አንጀቱ ተጠማዝዟል፣ ቶሎ ካልተከፈተ አይተርፍም አሉን። ከፈቱት። የሞተውን ቆርጠው ጥለው ደህናውን ከደህናው ጋር ሰፉት። ልጄ አራስ ናት፣ የአሥራ ሁለት ቀን ሕፃን ታቅፋለች። የሱ እናት በሕይወት የሉም፣ ወንድሞቹም ደጋ ላይ ናቸው። "እኔ አለሁ" አልኩ። ያው እንደተለመደው።

አሁን ይቺን እወቁልኝ። በኛ ዘንድ የልጅ ባል አማቱ ፊት እግሩን ዘርግቶ አይቀመጥም። ይሄኛው ደሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ልጄን ካገባ ስምንት ዓመቱ፣ አንድ ቀን ቀና ብሎ ዓይኔን አላየኝም። ሊያስነጥስ ሲል እንኳ ተነስቶ ውጪ ይወጣል። እኔ ደሞ አላርፍም፣ ሆን ብዬ አስቀዋለሁ። አፉን በእጁ ሸፍኖ ነው የሚስቀው። እንግዲህ ይሄንን ሰው ነው አልጋው አጠገብ ወንበር ስቤ የምጠብቀው። በአፍንጫው ቱቦ ገብቷል፣ ከሆዱ አረንጓዴ ውሃ እየሳበ ከረጢት ውስጥ ያንጠባጥባል። ክንዱ ላይ ጉሉኮስ ተሰክቷል። ሆዱ ከላይ እስከ ታች ተሸፍኗል። ገላውን በእርጥብ ጨርቅ ልጠርግለት ስል አንሶላውን እስከ አገጩ ይስባል።

"ኧረ ተው ልጄ፣ አምስት ወንድ አጥቤ አሳድጌያለሁ። ምን አዲስ ነገር አያለሁ?" እለዋለሁ።

ዓይኑን ይጨፍናል። ካላየኝ የማላየው ይመስለዋል።

ከጎኑ ያለው አልጋ ላይ ከኦቾሎ የመጣ ሽማግሌ ሸማኔ ተኝቷል። በሬ ወግቶት ደረቱ ውስጥ ደምና አየር ሞልቶበት ነበር። በጎድኖቹ መሃል ቀደው ቱቦ ከተውለታል። የቱቦው ጫፍ አልጋው ሥር ካለ ውሃ የያዘ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። ሲያስል ውሃው ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ሐኪሞቹ አስል፣ በደንብ አስል ይሉታል፣ እሱ ግን ነፍሴ በቱቦው ወጥታ ጠርሙስ ውስጥ ትቀራለች ብሎ ይፈራል። ሲስተሯ የእጅ ጓንት ሰጥታው "እንደ ፊኛ ንፋው፣ ሳንባህ ይከፈታል" አለችው፣ እኔም በጋሞኛ ነገርኩት። ሲነፋው የጓንቱ ጣቶች ቀጥ ብለው ቆሙ። "በሬው ቢወጋህም ላም አገኘህ፣ ያውም ባለ አምስት ጡት" አልኩት። ሳቀ፣ ሲስቅ አሳለው፣ ሲያስለው ጠርሙሱ ተንፈቀፈቀ። ሲስተሯ "እማማ፣ እንዲሁ በየሰዓቱ ያስቁልኝ" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ጋቢዬን አጣጥፌ ጎኑ ላይ እደግፍለትና "በል አስል" እለዋለሁ። ሲደገፍለት ሕመሙ ይቀንሳል።

ሸማኔው አማርኛ አይችልም። ዶክተሩ ደሞ ከሰሜን የመጣ ወጣት ነው፣ አብረውት የሚዞሩት ተማሪዎችም ከየአገሩ የመጡ ናቸው፣ ጋሞኛ የሚሰማ የለም። የኔ አማርኛ ሲቀላ ገበያ ሙዝ ስሸጥ የለቀምኩት ነው፣ ግን ይሠራል። ሸማኔውን አስተረጎምኩ። ቀጥሎ ያሉትንም አስተረጎምኩ። በሁለተኛው ቀን ሐኪም ሲጠይቅ የክፍሉ ሰው ሁሉ ወደኔ ይዞራል። አማርኛ አጥርቶ ለሚያውቀውም ሰው እኔ ነበርኩ የምመልስ። አማቼ ደሞ በአማርኛው ከኔ ይበልጣል።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ዶክተሩ አሥር የሚሆኑ ነጭ ለባሾች አስከትሎ መጣና አማቼን ጠየቀው።

"ፈስ ወጥቷል?"

የቀለደ መሰለኝ። ፊቴን ሲያይ አስረዳኝ። "እማማ፣ አንጀት ሲነካ ይተኛል። መንቃቱን የምናውቀው ፈስ ሲወጣ ነው። ከዚያ በፊት ውሃ እንኳ በአፉ እንዳይገባ።"

እነዚያን ሁሉ የተማሩ ልጆች አየኋቸው። ደብተራቸውን ዘርግተው እስኪርቢቶ ይዘው ፈስ ይጠብቃሉ። አማቼ ወደ ግድግዳው ዞሯል፣ ጆሮው ቀልቷል። አዘንኩለት። ይሄን ቃል ከሱ አፍ ከሚወጣ ብዬ እኔ መለስኩ።

"አልወጣም ዶክተር። እኔ ከዚህ አልተነቃነቅኩም። ቢወጣ እሰማ ነበር።"

ተማሪዎቹ ሳቁ። ጻፉ። እውነቴን ነበር፣ ያን ቀን አልወጣም።

በማግስቱም ጠየቁ፣ በማግስቱም እኔ መለስኩ። ከዚያ ወዲያ ባለው ጠዋትም "ምንም የለም" አልኩ፣ ያውም እየማልኩ። ዶክተሩ ያን ቀን አልሳቀም። ሆዱን ተጫነው፣ ማዳመጫውን አድርጎ ብዙ ቆየ፣ ከተማሪዎቹ ጋር በሐኪሞች ቋንቋ ተነጋገረ።

"ሆዱ ትንሽ ነፋ ብሏል። ራጅ ይነሳል። እስከ ነገ ምንም ካልወጣ የተሰፋው ቦታ ላይ ችግር ሊኖር ስለሚችል እንደገና መክፈት ሊያስፈልገን ይችላል" አለ። ከዚያ ወደ አማቼ ጎንበስ ብሎ "እርግጠኛ ነህ ምንም አልወጣም?" አለው።

አማቼ እኔን በዓይኑ ጠርዝ አየኝ።

"እሳቸው እንዳሉት ነው" አለ።

እኔ ደሞ ራሴን ነቀነቅኩ። ኩራት ኩራት ብሎኛል።

ራጅ አንስተውት ሲመልሱት ግን የዶክተሩ ቃል ትዝ አለኝ። እንደገና መክፈት። መጀመሪያ ከዚያ ክፍል ሲያወጡት አይቼዋለሁ፣ ከንፈሩ አመድ መስሎ፣ እንደ ረጠበ ልብስ ተዘርሮ። ሁለተኛ ይችለዋል? ከንፈሩን በእርጥብ ጥጥ ሳብስለት ጥጡን ሊመጠው ይፈልጋል። ልጄ ስልክ ደውላ "ምን አሉ?" አለችኝ። ሕፃኑ ከኋላ ያለቅሳል። "ደህና ነው፣ ተኝቷል" አልኳት። የቆሸሸውን ልብስ ይዤ ውጪ ቧንቧው ጋ ሄድኩና እያጠብኩ አለቀስኩ። ሳሙና ዓይኔ ገባ ለማለት ይመቻል።

ስመለስ ክፍሉ ውስጥ ወንዶቹ ይስቃሉ። ሲያዩኝ ዝም አሉ። ሸማኔው በጋሞኛ ጠራኝ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ቤት የለሽም?"

"አለኝ። ምን ልሁንልህ?"

"ሂጂና ተቀመጪበት።"

"አንተንስ ማን ያስልሃል?"

"እኔ ብቻዬን አስላለሁ። እሱ ነው አንቺ እያለሽ ጭንቅ ውስጥ ያለው።"

"ምን ሆነና?"

ጎንበስ ብሎ ጠርሙሱን ማየት ጀመረ። "የወንድ ነገር ነው፣ አልናገርም። ብቻ አንቺ ወደ ቧንቧው በወጣሽ ቁጥር ሰውየው ይቀለዋል።"

እርጥቡን ልብስ እንደያዝኩ ቆምኩ። እሳቸው እንዳሉት ነው ያለው ነገር አሁን ገባኝ። አልወጣም ብዬ የማልኩት እኔ ነኝ። ወጥቷል ቢል አሥር ሐኪም ፊት አማቱን ውሸታም ሊያደርጋት ነው። ያንንም ቃል ከነሥራው እኔ ፊት ሊጠራው ነው። እሱ ከዚያ ይልቅ ቢላዋውን መርጧል።

ብጠይቀው ይክዳል። ለሲስተሯ ብነግር እሷ ትጠይቀዋለች፣ እሱ ይክዳል። አየሁት፣ ዓይኑን ጨፍኗል። ይሄ ሰው እኔ ዝቅ ካላልኩለት አይናገርም አልኩ በልቤ። ጠዋት የበላሁት ደሞ አደንጓሬ ነበር፣ እግዜር ይስጠው።

ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ነጠላዬን አስተካከልኩ። ከዚያ ሳልሸሽግ፣ ሳላስል፣ ወንበር ሳላንቋቋ ለቀቅኩት። ትንሽ አልነበረም። በሩ ጋ የደረሰች ተማሪ ነርስ ተመልሳ ሄደች። ከዚያ የሸማኔው ጠርሙስ ቡልቅ ቡልቅ ማለት ጀመረ፣ ሳቁን አፍኖ ሊሞት ነው።

አማቼ ዓይኑን ገለጠ። በስምንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አየኝ።

"ምን ታየኛለህ? እኔ ተራዬን ጨርሻለሁ" አልኩት።

ሳቁ ከየት እንደመጣበት እንጃ። በሁለት እጁ ሆዱን ይዞ "እማማ፣ ስለ እግዜር፣ ስፌቴ፣ ስፌቴ" ይላል። ሮጬ ጋቢውን አጥፌ ሆዱ ላይ ደገፍኩለት። ሳቁ ቆየና ወደ እንባ ሄደ። እኔም አብሬው። ከዚያ አንሶላውን ፊቱ ላይ ስቦ ከውስጥ ተናገረ።

"ከትናንት ጀምሮ ነው። ልብስ ሊያጥቡ ሲሄዱ። ዛሬም ሁለቴ።"

"ታዲያ ዶክተሩ ሲጠይቅህ?"

"እርስዎ አልወጣም ብለዋል።"

ይሄው ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

ጫማዬን ትቼ በባዶ እግሬ ሲስተሯን ልጠራ ሮጥኩ። ዶክተሩ መጣ፣ ገና ሳልጠየቅ አፌን ስከፍት "እማማ፣ እስቲ ለትንሽ ደቂቃ ውጪ ይቁሙልን" አለኝ። በዕድሜዬ ከክፍል ተባርሬ አላውቅም፣ ክፍል ገብቼስ መች አውቃለሁ። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ከውስጥ የአማቼን ድምፅ ሰማሁ፣ ቀስ እያለ በራሱ አፍ ሲመልስ።

ዶክተሩ ወጣ። "ራጁም ደህና ነው። አንጀቱ ነቅቷል። አንከፍተውም" አለኝ። ጉልበቱን ልስም ጎንበስ ስል በክንዴ ያዘኝ። "ግን እማማ፣ ከእንግዲህ ስለ ሆዱ እሱ ይንገረን።"

"እሺ ልጄ። ሸማኔውንስ?"

"እሱን ያስተርጉሙልን። ግን እሱ ያለውን ብቻ።"

ከሰዓት በኋላ ቱቦውን ከአፍንጫው አወጡለት። ሲስተሯ በማንኪያ ውሃ ይስጡት አለችኝ። አንድ ማንኪያ ሰጠሁት። ወዲያው አልዋጠውም፣ አፉ ውስጥ ያዞረዋል። በአራት ቀን የመጀመሪያው ውሃ ነው። ሁለተኛውን ስሰጠው ማንኪያውን ከእጄ ተቀበለኝና ራሱ ጠጣ። በማግስቱ ሻይ፣ ከዚያ ቀጭን ሙቅ። ከዚያ ወዲያ ሐኪሞቹ ሲመጡ ሳልባል ነው ወደ ቧንቧው የምሄደው። የሸማኔውም ደረት ጸድቶ ቱቦው ተነቀለለትና ከኛ ቀድሞ ወጣ። ጓንቱን ይዞት ሄዷል።

ቤት ከገባን በኋላ ጠያቂው ብዙ ነው። አማቼ መጋረጃው ወዲያ ተኝቷል፣ እኔ መጋረጃው ወዲህ አወራለሁ። ለሙዝ ሻጮቹ አወራሁ፣ ለዕድርተኞቹ አወራሁ፣ ወንበሩ ላይ እንዴት እንደተቀመጥኩ እየተነሳሁ አሳያለሁ። ልጄ ሕፃኑን ታቅፋ ትስቃለች። ከመጋረጃው ወዲያ ድምፅ የለም። ተኝቷል ብዬ ነው።

አንድ ቀን ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ ቆጮ ጠቅልላ መጣች። ብዙ የማትስቅ ሴት ናት። ለሷም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት፣ ሌሎቹ ሴቶች ደግመው እየሰሙ ሆዳቸውን ይዘዋል። እሷ አፏ ውስጥ ያለውን ጨርሳ ዋጠች፣ መጋረጃውን አየች፣ ከዚያ እኔን።

"ልጁ ሁለተኛ ሊቀደድ የነበረው አንቺን ላለማሳፈር ብሎ ነው። አንቺ ደሞ ቁስሉ እንኳ ሳይጠግግ ለሰፈሩ ሁሉ አወራሽው" አለችኝ።