ከለቅሶ ቤት ሰው አይያዝም

ደብረ ብርሃን በነበረው ቤታችን፣ ጓዳ ውስጥ ተዘግተን እኔና የአክስቴ ልጅ የምንጫወተው ጨዋታ ነበር። አዲስ አበባ ሲማር አንድ የውጭ አገር መምህር የተወለትን የጨዋታ መጽሐፍ እያየ ይተርክልኛል። እኔ ጦረኛ ሆኜ ዋሻ እገባለሁ፤ እሱ ጠንቋዩንም አውሬውንም ይሆናል። የሚሆነውን የሚወስነው ዕጣ ነው፤ ቁጥር ከጻፍንባቸው ሃያ ባቄላዎች አንዷን ከጣሳ እናወጣለን።

አንድ ሕግ ሁልጊዜ ያጣላን ነበር። በጥበቃ ድግምት የተከበበን ሰው ጠንቋይ የጠራው አውሬ ሊነካው አይችልም። ሰውየው ራሱ ቀድሞ እጁን ካነሳ ግን ጥበቃው ይፈርሳል።

«ክታብ ያሰረ ሰው በትር ቢያነሳ ክታቡ ይበጠሳል እንዴ?» እያልኩ እሞግተዋለሁ።

«አንተ አርፈህ መቆም አትችልም እንጂ ሕጉ ምን አጠፋ?» ይለኛል። እውነቱን ነው። ጠንቋዩ የጠራው ተኩላ ሁለት ሦስቴ ሲዞረኝ ደሜ ይፈላል፤ ጦሬን እወረውራለሁ፤ ይበላኛል።

የብሔራዊ ውትድርናው ጊዜ የእሱም ስም ወጣ። ጠፍቶ አንኮበር ዘመድ ቤት ከረመ። አያታችን ሲሞቱ ግን አላስቻለውም፤ ለቀብር መጣ። አክስቴ አንድ የአልዩ አምባ ነጋዴ ለምና ልጇ በማግስቱ ማለዳ ከበቅሎዎቹ ጋር ቆላ ሊወርድ ተስማሙ። እስከዚያ ከመያዝ የሚጠብቀው ለቅሶው ብቻ ነበር። በሰፈራችን ሰልስት ሳይወጣ ከለቅሶ ቤት ሰው አይያዝም፤ መሣሪያም ደጅ ይቀራል።

ከሰዓት በኋላ የቀበሌው ጥበቃ መጣ። ጎረቤታችን ነው፤ እድራችንም አንድ ነው። ጠመንጃውን ለጓደኛው ደጅ ላይ አስይዞ ገባና ከጓዳው መጋረጃ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ሌላው ሰው ሁሉ ዳስ ውስጥ ነበር። የአክስቴ ልጅ ከመጋረጃው ኋላ መሆኑን እሱም ያውቃል፤ እኔም ማወቁን አውቃለሁ። ንፍሮ ሰጠሁት።

አንድ አንድ ፍሬ እያነሳ ያኝካል። «ነፍሳቸውን ይማር» አለ።

«አሜን።»

«ከሰልስት በኋላ የት ይገባ ይሆን?» አለ፣ መጋረጃውን እያየ።

እስከ ማለዳ ዝም ማለት ነበር ሥራዬ፤ ሌላ ምንም አልተጠየቅኩም።

«ሽማግሌው ወንድ ነበሩ፤ የልጅ ልጃቸው ግን እናቱ ቀሚስ ሥር ተወሸቀ» አለና ሳቀ።

ሳህኑን ከእጁ ላይ መታሁት። ንፍሮው ደረቱ ላይ ተበተነ።

አልጮኸም። ካፖርቱን አራገፈና «በለቅሶ ቤት እጅ ያነሳሁት እኔ አይደለሁም» አለኝ ቀስ ብሎ። ወጣ። ጠመንጃውን ይዞ ሲመለስ አፈሙዙ ወደ እኔ ነበር። ሽንቴ አመለጠኝ።

መጋረጃው ተገለጠ። «የምትፈልገው እኔን ነው፤ እሱን ተወው» አለ የአክስቴ ልጅ። ሲያልፍ ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ወስደው አዘመቱት፤ አልተመለሰም። ጥበቃው ምን እንደተደረገበት ለሰፈሩ ሁሉ ተናግሯል፤ አክስቴ አላመነችውም። አንድ ቀን ጠርታኝ «እውነት መትተኸዋል?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ይዋሻል» አልኳት።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ሰውየው ታሞ ሞተ። የእድሩ ሰው ሁሉ ሲቀብረው አክስቴ ከቤቷ አልወጣችም። ሽማግሌዎች ቢለምኗት «ለቅሶ ቤቴን ለደፈረ አላለቅስም» አለች፤ ሰው ልበ ደንዳና አላት። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ያኔም አልነገርኳት።