ለወንድሟ የጠቀለለቻቸው ሁለት ፒካፖች

ሰፈሩ ሁሉ «ሽቦ» ይላታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የተቃጠለ ሞተር ሽቦ ስትጠቀልል የኖረች ሴት ናት፤ የውሃ ፓምፕ በለው፣ የወፍጮ በለው፣ ያልመጣላት የለም። አባታቸው ሲሞት ታናሽ ወንድሟ ገና ዳዴ ይል ስለነበር፣ ከእናቷ ጋር ሆና ያሳደገችው እሷ ናት።

ልጁ አደገና ሄቪ ሜታል የሚባለው ጩኸታም ሙዚቃ ያዘው። ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ባንድ መሥርቶ፣ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ አሥር ዓመት ጊታር ተጫወተ። ሁልጊዜም ቦታው እስፒከሩ አጠገብ ነበር። አምፕሊፋየሩ በተቃጠለ ቁጥር ጠግና የምትመልስለት ደግሞ እህቱ።

አንድ ቀን ወርክሾፗ መጣና፣ «እታለም፣ የጊታሬ ድምፅ ታፍኗል። ፒካፑን መቀየር አለብኝ» አላት።

ማታ ራት ላይ ይህንኑ ሲያወሩ እናታቸው ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ፒካፕ ልትገዙ ነው? ባለ አንድ ጋቢና ነው ባለ ሁለት?»

«ባለ ሁለት ነው እማዬ» አለ ልጁ እየሳቀ።

እውነቱን ነው። ፒካፕ ያለው ከጊታሩ ክሮች ሥር ተቀምጦ ድምፃቸውን የሚያነሳውን ዕቃ ነው፤ ማግኔት ነው፣ ዙሪያውን ቀጭን ሽቦ የተጠቀለለበት። ሜታል ተጫዋቾች የሚወዱት ሀምበከር ደግሞ ሁለት ጥቅል አለው፤ አንዱ የሌላውን «ዝዝ» የሚል ድምፅ ስለሚያጠፋ፣ ድምፁ የፈለገውን ያህል ቢጎላ ጥርት ይላል።

ሽቦ ሁለት ሠራችለት። ሽቦው ከፀጉር ስለሚቀጥን እየተበጠሰ ሦስት ሳምንት ፈጀባት። አንደኛውን ኃይለኛ ማግኔት አድርጋበት ብዙ ዙር ጠቀለለችው። ሁለተኛውን ለስለስ ባለ ማግኔት፣ በጥቂት ዙር።

ቅዳሜ ጠዋት ወርክሾፑን ዘግተው ሞከሩ። የመጀመሪያው ጭነት የያዘ መኪና ዳገት ሲወጣ እንደሚያጓራ አጓራ።

«ታፍኗል» አለ።

ሁለተኛውን ገጠመችለት። ቀጭኑ ክር ሲመታ ስለታም ድምፁ ጥርሷን አሳከካት። እሱ ግን የድምፅ ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዞረና፣ «ይሄም ያው ነው። እታለም፣ ሽቦው ላይ የሆነ ነገር አበላሽተሻል» አላት።

ተቀየመች። የእጇን ሥራ እንዲህ ያላት ሰው የለም። ፊቷን አዙራ ጥቅሉን በመለኪያ ስታይ፣ ከኋላው ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ በዚያ በቀጭን ድምፁ መጥራት ጀመረ። ጠራ፣ ጠራ። ወንድሟ ክሩን እያጠበቀ ነበር።

«ስልክህ አይደለም እንዴ?»

«የቱ ስልክ?» አላት።

ያን ጊዜ እጇ ላይ ያለው መለኪያ ከበዳት።

ሰኞ ሆስፒታል ወሰደችው። ሐኪሙ አላድበሰበሰም። የጆሮው ነርቭ በጩኸት ተጎድቷል፤ የሄደው አይመለስም፤ ሙዚቃውን ካልተወ የቀረውም ይሄዳል። ከሆስፒታሉ ሲወጡ ወንድሟ ትከሻዋን አቀፋትና፣ «ለካ ያንቺ ጥፋት አይደለም። ሽቦሽን በከንቱ አማሁት፣ ይቅር በይኝ» አላት። እሷ ግን አምፕሊፋየሩን ስንት ጊዜ «ከበፊቱ አብልጦ ይጮህልሃል» ብላ በኩራት እንደሰጠችው እያሰበች ነበር።

ባንዱን ተወ። ጓደኞቹ ሌላ ተጫዋች አገኙ፤ እሱም ጊታሩን ሊሰጣቸው ወሰነ።

«መጀመሪያ ጥሩውን ፒካፕ እንግጠምበት። አንቺ ስሚልኝ» አላት።

በየተራ እየገጠመችለት ይመታል፤ ዓይኑ ግን ፊቷ ላይ ነው፣ ድምፁን ከሷ ፊት ሊያነብ።

«ሁለተኛው» አለችው ቀስ ብላ፣ ከንፈሯን እንዲያይ።

«እንዴት እንዴት ይላል?»

እሷ ስለ ሞተር እንጂ ስለ ሙዚቃ አውርታ አታውቅም። «ጠጠር ቆርቆሮ ላይ ሲበተን ታውቃለህ? አንዷ ከሌላዋ ሳትደባለቅ፣ እያንዳንዷ ለብቻዋ ትሰማለች።»

ዓይኑን ጨፈነ። «እንደዚያ ነበር የምፈልገው» አለ።

ባንዱ አዳራሽ ውስጥ ዝግጅቱን ባቀረበበት እሑድ ከሰዓት፣ እሱ አልሄድም ብሎ ቀረ። ሽቦ ብቻዋን ሄዳ ከኋላ ቆመች። ጊታሩ ሲጀምር የጠቀለለችውን ለየችው፤ ሌላ ሰው ነው የሚመታው። አንድ ዘፈን እንኳ ሳታስጨርስ ወጣች።

ቤት ስትደርስ እናታቸው ልጇ እንዲሰማት እየጮኸች ታወራዋለች። እሱ ብድግ አለ።

«እንዴት ነበር?»

«ደህና ነው» አለችው፣ ነጠላዋን እየሰቀለች።

ጀርባዋን ሰጥታው ስለነበር አልሰማትም። «ምን አልሽ?» አላት። እሷ ግን ፊቷን እንዳያነብባት፣ ሳትዞር የሰቀለችውን ነጠላ እንደገና ማስተካከል ያዘች።